ገጽታ ግንባታ

እኔ ቡሬ ገበያ በርበሬ ነጋዴ ነኝ፤ ውዳሴ ይሉኛል። ምላስሽም ከበርበሬሽ ነው የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ። ዱቄት ብሸጥ አይገዙኝም፣ ወጥ ብሠራ አይቀምሱልኝም። በርበሬ ሲሆን ግን ቡዳ አይደፍረውም፣ ያቃጥለዋል ይሉና ዛላውን እያገላበጡ በዋጋ ሲከራከሩኝ ይውላሉ። ደግነቱ በርበሬ የማይበላ ጎጃሜ የለም።

የቡዳ ልጅ ነኝ፣ እንግዲህ። እናቴን እማዋይሽን ቡዳ ያደረጋት ግን ዘሯ አይደለም፣ ሥራዋም አይደለም። ሥዕል ነው።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን፣ እኔ ገና ጡት ሳልጥል ነው። ቡሬ ተማሪ ቤት እንግሊዝኛ ሊያስተምር የመጣ አሜሪካዊ ነበር። ስሙ ኤልደን ነው፤ ቡሬ ግን ለምላሱ እንዲመቸው «ሚስተር አልዳነ» ነበር የሚለው። አስተምሮ ሲወጣ ቀለሙንና ሸራውን ተሸክሞ ገበያ ይወርዳል። አህያ ይሥላል፣ ነዶ ይሥላል፣ ሰካራም ሳይቀር ይሥላል። እናቴን እኔን አዝላ ጌሾ ስትሸጥ አያትና በአንድ ተማሪው አስተርጓሚነት ቁጭ በይልኝ አላት። ያኔ እንደሷ ያለ ቆንጆ አልነበረም ይላሉ። እሷ መቼም ወሬ ነፍሷ ነው፤ እሱ እየሣለ እሷ ስታወራለት ዋለች፣ አንድም ቃል ሳይገባው ራሱን ሲነቀንቅላት ዋለ። የተቀመጠው በጎኗ በኩል ስለነበር የሣለው ግማሽ ፊቷን ነው። አንድ ዐይን፣ አንድ ጆሮ፣ የሹሩባዋን አንድ ወገን።

ፈረንጅ ምን ያውቃል። በእኛ አገር ሥዕል የሚታይ ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ ደግሞ ጻድቁም መልአኩም ፊት ለፊት ነው የሚሣል፣ ሁለት ዐይኑ ቦግ ብሎ። በጎን፣ በአንድ ዐይን የሚሣለው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ጌታን የሚገርፉት ጭፍሮች ናቸው። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ ቡሬ ያደገ ሁሉ የመቅደሱን ግድግዳ እያየ ነው ያደገ።

የወላጆች ቀን ሲደርስ ሚስተር አልዳነ ሥዕሎቹን ተማሪ ቤቱ ግድግዳ ላይ ደረደራቸው። ከተማው ግልብጥ ብሎ ሊያይ ወጣ። መሪጌታ ክንፈሚካኤል የሚባሉ ቅኔ አዋቂ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና አፋቸው ምላጭ ነበር። እናቴ ሥዕል ፊት ሲደርሱ ቆሙ፤ ትንሽ አሰብ አደረጉና «ፈረንጁ አንዱን ዐይኗን ቢያጣው አይፈረድበትም። ሰው ላይ ጥላው ይሆናል» አሉ።

ሰምና ወርቅ መሆኑ ነው። ዐይን ጣለች ሲባል ወደደች ማለት ነው፤ በልቶ የሚገድል ዐይን ሰው ላይ አሳረፈች ማለትም ነው። ሰዉ ሳቀ። እናቴም ለውበቷ የተባለ መስሏት አብራ ሳቀች። እሳቸውም ሆን ብለው ሊያጠፏት አይመስለኝም፤ ያማረች ቃል መጣችላቸው፣ ወረወሯት፣ ወደ ጠላቸው ሄዱ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ብዙም ሳይቆይ የጎረቤታችን የአልጣሽ ልጅ ታመመ። ተበልቷል ተባለና ያስለፈልፉት ጀመር፤ ማን በላህ፣ ማን በላህ። ሕፃኑ «እማዋይሽ» አለ። ምን ይበል ታዲያ? ሰሞኑን በየቤቱ ሲጠራ የሰማው ስም እሱ ነው። ልጁ ሞተ። አባቴ ከብቱን ነድቶ ወደ ወለጋ ተሻገረና እዚያው ሌላ ሚስት አገባ። እዚህ ደግሞ የእናቴን ዘር መቁጠር ተጀመረ፤ ቅድመ አያቷ ቀጥቃጭ ነበር አሉ። ቢሆንስ? ማረሻህን ማን ቀጠቀጠልህ፣ በጥርስህ ነው የምታርስ? ይህን እያልኩ ነው ከሰው ጋር ስጣላ ያደግሁት።

እናቴን ከሁሉ የጎዳት የማርያም ማኅበር ነው። ከልጅነቷ ማኅበርተኛ ነበረች። ያ ነገር ከመጣ በኋላ ጽዋው ሲዞር እሷን ዘሎ ወደሚቀጥለው መሄድ ጀመረ፤ ኋላም ባትመጪ ይሻላል አሏት። የአልጣሽ ቤት ከእኛ ደጅ ፊት ለፊት ነው፤ ሰፊ ስለሆነ ተራው የማንም ቢሆን ማኅበሩ የሚጠጣው እዚያ ነው። ወር በገባ በሃያ አንድ እዚያ ሲጸለይ፣ ሲሳቅ፣ ጠላው ሲቀዳ እናቴ እቤቷ ቁጭ ብላ ትሰማለች። ባል የሄደው ሄዷል ትለኛለች፣ ከብቱም ይቅር፤ ከመሞቴ በፊት ግን ያንን ጽዋ እንደ ሰው ተቀብዬ ብቀምስ። ሌላ ነገር ተመኝታ አታውቅም።

ሚስተር አልዳነ የዚህን ሁሉ ወሬ አልሰማም። ሥዕሉን ጠቅልሎ አገሩ ገባ። ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ መጣ፤ የእናቴ ዐይን ነገር ግን ከመንግሥት ጋር አልተለወጠም።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት እንዳለው የሚባል ሹል ጫማ ያደረገ ሰው ከፍኖተ ሰላም መጣ። የዝግጅት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ አለ። ለካ ያ ሰውዬ አሜሪካን አገር ስመ ጥር ሠዓሊ ሆኗል። ሙዚየም በስሙ ከፍተውለታል፤ ካረፈ ወዲህ ደግሞ ከተማ በከተማ እየዞሩ ሥዕሉን እየሰቀሉ፣ ዘፈን እያዘፈኑ፣ ንግግር እያደረጉ ያከብሩታል። ከሥዕሎቹ ሁሉ የገነነው የእናቴ ነው፤ ስሙም «ዝምተኛዋ የቡሬ ሴት»። እናቴን የሚያውቅ ይፍረደኝ፣ ዝምተኛዋ ተብላለች።

አሁን ፍኖተ ሰላም ላይ የሥዕል ኤግዚቢሽንና የባህል ሳምንት ሊደረግለት ነው አለ እንዳለው። ልጁ ከአሜሪካ ትመጣለች፣ ቴሌቪዥን ይመጣል፣ እማማ የክብር እንግዳ ይሆናሉ። ለአገራችን ገጽታ ግንባታ ትልቅ አጋጣሚ ነው እያለ ደጋገመው። ያን ሰሞን ይህ ቃል ከማንም አፍ አይጠፋም ነበር። መንገድ ሲጠረግ ገጽታ ግንባታ፣ አጥር ኖራ ሲቀባ ገጽታ ግንባታ። እናቴ ገጽታ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችው። ገጽ ነው እማማ፣ ፊት፣ የአገር ፊት ማለት ነው ብሎ አስረዳት።

«የአገሩን ፊት መገንባታችሁ ደግ ነው» አለችው። «የኔን ግን ሰውየው ግማሹን ይዞት ነው የሄደ። መጀመሪያ እሱን መልሱልኝ።»

እንዳለው ጨዋታ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ፤ ይችን ለእንግዳዋ እነግራታለሁ አለ።

እሱ ሲወጣ እኔ አትሄጅም አልኳት። ያ ሥዕል ያቃጠለን አይበቃም ወይ፣ ደግሞ ሄደን እናጨብጭብለት? አገር ቢሰበሰብበት፣ መጋረጃ ቢያለብሱት ያው ሥዕል ነው። ብዙ ተናገርኩ። እሷ ግን የኔን ትታ ሌላ ነገር ታስብ ነበር። ሄዳ ሐጂ ጁማን ጠራች። ሐጂ ጁማ ጨርቅ የሚነግዱ የሰፈራችን የእስላም ሽማግሌ ናቸው። በማኅበሩ ነገር ወገን ስላልያዙ ሁሉም ያምናቸዋል። አልጣሽ ጋ በሽምግልና እንዲሄዱላት ለመነቻቸው። መልእክቷ ይህ ነበር፦ ሥዕሉ በተሰቀለበት አዳራሽ፣ በሕዝብ መካከል፣ ከሥዕሉ አጠገብ ፊቴን ወደ ሰው አድርጌ እቆማለሁ፤ መጥተሽ እይኝ፤ እንደ ማንም ሰው ባለ ሁለት ዐይን ከሆንሁ ወደ ጽዋው መልሱኝ።

ታዲያ ቡሬ ውስጥ በየቀኑ አያዩዋትም ወይ ትሉ ይሆናል። አያዩዋትም። ቡዳ ናት የተባለች ሴት ዐይን ውስጥ ቀና ብሎ የሚያይ ማን አለ? ሲያገኟት መሬት መሬት እያዩ ነው የሚያልፏት፤ ሰላምታ የሚሰጧት እንኳ ለእግሯ ነው። አልጣሽ ከልጇ ሞት ወዲህ የእናቴን ፊት አይታው አታውቅም፣ ደጅ ለደጅ እየኖርን።

አልጣሽ ሐጂ ጁማን አስቀምጣ ብዙ አለቀሰች አሉ። ልጄን የቀበርሁ እኔ ነኝ አለቻቸው፤ ደግሞ አርጅቻለሁ፣ ቂም ይዞ መሞትም ያስፈራኛል። ብቻዬን ግን አላያትም፣ እፈራለሁ። «በሕዝብ ፊት ከሆነ እመጣለሁ። ፊት ለፊት ቆማ ታየኝ፣ እኔም ልያት። ዐይኗን አይቼ ደህና ከተመለስሁ፣ በመጪው ማርያም ጽዋው ከእሷ ይጀምራል።» ሐጂ ጁማ ይህን ሲነግሯት እናቴ ተነስታ ጉልበታቸውን ሳመች። እኔም ከዚያ በኋላ አትሂጂ ማለቱን ተውሁ።

በዕለቱ ጠዋት ኩል አምጪልኝ አለችኝ። አባቴ ከሄደ ወዲህ ተኩላ አታውቅም። ወደ በሩ ብርሃን አዙሬ አስቀመጥኋትና ኳልኋት። «እኩል አድርጊው፣ አንዱ እንዳይበልጥ» እያለች እጄን ታስቆመኛለች። መስታወት አምጥቼ ሳሳያት ራሷን አየች፣ አየችና «አሁንስ ማን ይክደኛል» አለች። ደስ ብሏት ነበር። እኔንም ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ኮሚቴው ለቡሬ ሰው አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ልኮ ነበር። እኛ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥን፤ አልጣሽና የማኅበሩ ሴቶች ከኋላ። ማንኩሳን እስክናልፍ እናቴ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘንድሮ በቆሎ፣ ስለ ሹፌሩ እናት ደህንነት ስታወራ ሄደች። ሹፌሩ የፍኖተ ሰላም ልጅ ስለሆነ ማን እንደሆነች አያውቅም፤ እየሳቀ ያጫውታት ነበር። ማንም እንዲያ ሲያጫውታት አይቼ አላውቅም።

ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ላይ ባጃጁም ጋሪው ባንዲራ አስሯል። አዳራሹ ጢም ብሏል። በግድግዳው ዙሪያ የሚስተር አልዳነ ሥዕሎች ተደርድረዋል፤ የአሜሪካን ድልድይ አለ፣ በረዶ አለ፣ የኛም አህያ አለች። መድረኩ ላይ ደግሞ መጋረጃ በሚያህል ጨርቅ ላይ የእናቴ ግማሽ ፊት። ያችን አንድ ዐይን ያኔ ነው በአካል ያየኋት፤ ታምራለች እኮ፣ ይህን ማለቴ ራሴን አናደደኝ።

የኪነት ቡድኑ ተጫወተ። ከዚያ ንግግር መጣ። አንዱ ሠዓሊው የጎጃምን ገጽ ለዓለም አስተዋወቀ አለ። ሌላው ተነሳና ስለ ማዳበሪያ ተናገረ፤ ከሥዕሉ ጋር ምን እንዳገናኘው እንጃ። ሌላው ደግሞ ስለ ማዳበሪያ የተናገረውን አመሰገነ። እናቴ ከፊት ተቀምጣ ነጠላዋን ታስተካክላለች። እንዳለው ጥቂት ቃል ይናገራሉ ብሏት ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ጊዜ ስለሄደ ንግግሩ ይለፈን አላት። ቃሉ ይቅር፣ ብቻ ልቁም አለችው።

በመጨረሻ ስሟ ተጠራ። ዘወር ብዬ ሴቶቹን አየሁ። አልጣሽ ከመቀመጫዋ ተነስታለች። ነጠላዋን ከግንባሯ ገለጥ አድርጋ፣ አንገቷን አስግጋ፣ ቀና ብላ ወደ መድረኩ ታያለች። ፈርታለች፣ ግን ታያለች። በቃ፣ አለቀልን፣ ዛሬ ተገላገልን ብዬ አሰብኩ።

የመድረኩ ደረጃ በጎን በኩል ነው። እናቴ ወጥታ ገና ወደ ሕዝቡ ሳትዞር የሠዓሊው ልጅ ሮጣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። ፀጉሯ ሽበት የጣለበት ረጅም ሴት ናት። ታለቅሳለች፤ የውሸት ልቅሶ አልነበረም። እንዳለው በመስታወት የተለበጠ ሥዕል አመጣና በስጦታ ስም ለእናቴ አስታቀፋት። ያው የገዛ ግማሽ ፊቷ ነው። እናቴ ተቀበለች፣ እግዜር ይስጥልኝ አለች፣ ከዚያ ትከሻዋን ወደ ሕዝቡ ማዞር ጀመረች።

ሴትዮዋ እጇን ያዘቻትና አንድ ነገር አለች። እንዳለው ተረጎመ። ማይክሮፎኑ እጁ ላይ ስለነበር አዳራሹ ሁሉ ሰማ።

«እማማ፣ አባቴ ካረፈ ዓመት አልሞላውም፣ ሲሞት አጠገቡ አልነበርኩም ትላለች። እሱ እርስዎን ባየበት በኩል አንዴ ልይዎትና ከሥዕሉ ጋር ፎቶ ላንሳዎት፣ እንደሱ ሆነው፣ ወደ ጎን መለስ ይበሉልኝ ብላ ለምናዎታለች።»

እናቴ ቆመች። ግማሽ ዞራለች፣ ግማሽ አልዞረችም። ለትንሽ ጊዜ የሴትዮዋን ፊት አየችው። አባትሽ ነው የሞተብሽ፣ አለቻት በአማርኛ። ሴትዮዋ ባይገባትም እንባዋ ወረደ። እኔ ከፊት ወንበር ብድግ ብዬ ወደ ሕዝቡ ዙሪ፣ ወደ ሰው ዙሪ እያልኩ ጮህኩ። አንድ ባጅ ያንጠለጠለ ሰው ትከሻዬን ተጭኖ «እናቴ፣ አይረብሹ፣ ቁጭ ይበሉ» አለኝ።

እናቴ ዞረች። ወደ ጎን። ሥዕሉን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አገጯን ትንሽ ቀና አድርጋ፣ ልክ እንደዚያው። የካሜራው መብራት ብልጭ ብልጭ አለ፣ የቴሌቪዥኑ ሰውም ተጠግቶ አነሳት። ሰዉ አጨበጨበ። ከበሮው ወዲያው ተመታና ጨፋሪዎቹ መድረኩን ሞሉት፤ እናቴን በወዲያኛው ደረጃ፣ በመጋረጃው ጀርባ አድርገው ለእንግዶች ወደተዘጋጀው ሻይ ወሰዷት። ሕዝቡ ሌላውን ዐይኗን አላየውም። ልትኳል ሄዳ ዐይኗን አጠፋች የሚባለው ለካ ለተረት ብቻ አይደለም።

ወደ አውቶቡሱ ስትመጣ ሴቶቹ ቀድመው ተቀምጠው ነበር። አልጣሽ መስኮቱ ጥግ ናት፣ ነጠላዋን መልሳ ዐይኗ ድረስ ስባዋለች። እኔ አላስቻለኝም።

«እትዬ አልጣሽ፣ ይኸውልዎ፣ እዚህ ቆማለች። አሁን ይዩዋት» አልኳት።

ቀና አላለችም። የእናቴን እግር እያየች ነው የመለሰችልኝ። «በሕዝብ ፊት ነው ያልነው ልጄ። ፈርቼም ቢሆን ቆሜ አይቻለሁ። ያየሁት አንድ ነው። ያውም ማንም ሳያስገድዳት፣ በገዛ አንገቷ ዞራ።»

ሌሎቹ ሴቶች ወደ መስኮት ዞሩ። እኔ ልጮህባት አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ጨብጣ ወደ ሹፌሩ ጎን ሳበችኝ። ተቀመጥን። መኪናው ከከተማው እስኪወጣ ታገስኩ፤ ከዚያ ምን ሆነሽ ነው አልኳት። ሁሉን ተነጋግረን፣ ሽማግሌ ልከን፣ ሴትዮዋ ቆማ እያየችሽ፣ ምን ሆነሽ ነው የዞርሽ?

«ልክ ናት አልጣሽ» አለችኝ። «ያኔ እሱ ነው በጎን የሣለኝ። ዛሬ ግን ራሴው ነኝ የዞርሁ።»

«ለምን?»

«አባቷ ሞቶባት ነዋ። ሐዘንተኛ ፊቴ ቆማ እያለቀሰች ለምናኝ እንዴት እምቢ ልበላት?»

አባቷ! አባቷማ የኔንም አባት አሳጥቶኛል። እንደዚያ ብዬ ልመልስላት ነበር፤ ኩሏ ጉንጯ ላይ ወርዶ ሳየው ተውሁት። ግን አልበረደልኝም። እሷ ቸር ስለሆነች ነው ይሉኛል ሐጂ ጁማ፣ ይህን የሚያደርግ ልብ ስንት ሰው አለው ይሉኛል። እኔ ቸርነቷን አልፈልገውም። እኔ ብሆን እምቢ እል ነበር፤ ሥዕሉንም እዚያው መድረኩ ላይ አስቀምጬው፣ ፊቴን ወደ ሰው አዙሬ እቆም ነበር። በእናቴ ላይ እስከ ዛሬ ተቆጥቻለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በማርያም ዕለት እናቴ ታጥባ፣ ነጭ ለብሳ፣ ምናልባት ብላ ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀመጠች። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ አልጣሽ ቤት ሲገቡ ለእያንዳንዳቸው ሰላምታ ሰጠች። እነሱም እግሯን እያዩ መለሱላት። ጽዋው መዞሩን የሰማነው እኔም እሷም እዚያው ቁጭ እንዳልን ነው።